የሞተር ማስነሻ ከረንት ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ እንዲህ ብሎ ሲያስረዳ አነበብኩ። 22 ኪሎዋት የወፍጮ ሞተር ሲነሳ ስድስት እጥፍ ይስባል፤ ስለዚህ 132 ኪሎዋት ይፈልጋል። የሰፈሩ ትራንስፎርመር 100 ኬቪኤ (ኪሎቮልት አምፔር፣ የትራንስፎርመር አቅም መለኪያ) ነው። መብራት የሚፈዘው ትራንስፎርመሩ ስላልቻለ ነው፤ 200 ይተከል።

እንዲህ ያለ የተሳሳተ ሂሳብ ማለቂያ የለውም። ዛሬ ግን አላልፈውም።

ስድስት እጥፍ የሚሆነው ከረንቱ ነው እንጂ ኪሎዋቱ አይደለም። ያልዞረ ሞተር ለመስመሩ ሾርት የተደረገ ትራንስፎርመር ማለት ነው። ሲሠራ 42 አምፔር የሚወስደው ሞተር በቀጥታ ሲነሳ 270 አምፔር ገደማ ይስባል፤ 190 ኬቪኤ ያህል ነው። በዚያ ሰዓት ፓወር ፋክተሩ (ከሚሳበው ውስጥ እውነተኛ ሥራ የሚሠራው ድርሻ) 0.3 አካባቢ ስለሆነ እውነተኛው ኃይል 57 ኪሎዋት ገደማ ብቻ ነው። ሌላው በመስመሩ እየተመላለሰ ቮልቴጅ ይጥላል። ትራንስፎርመሩም ለጥቂት ሰከንድ ከአቅሙ በላይ ስለጫኑት አይቃጠልም። ዘይቱና መዳቡ እስኪሞቅ ጊዜ ይፈልጋል።

ታዲያ መብራቱ ለምን ፈዘዘ? ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ይገባዋል። ጣሪያ ላይ ሮቶ አለ፣ ከሮቶው የሚወርደው ቧንቧ ቀጭን ነው። ጎረቤት በርሜል ሊሞላ ቧንቧውን ጥግ ድረስ ሲከፍት በዚያው መስመር ላይ ያለው ሻወር ይቀጥናል። ሮቶው ሙሉ ነው። በእጥፍ ትልቅ ሮቶ ብትሰቅሉም ሻወሩ ያው ነው፤ ግፊቱ ያለቀው መንገድ ላይ ነው። በርሜል የሚሞላውም ራሱ ከሚፈልገው ያነሰ ያገኛል፣ ስለዚህ ሲሞላ ይቆያል። ሞተርም እንደዚያው ነው፤ ሮቶው ትራንስፎርመሩ፣ ቧንቧው ሽቦው፣ ባለበርሜሉ ሞተሩ ነው።

በቁጥር እንየው። ወፍጮ ቤቱ ከትራንስፎርመሩ 500 ሜትር ይርቃል፣ ሽቦው 50 ካሬ ሚሊሜትር አሉሚኒየም ነው እንበል። ሞተሩ ሲነሳ ጫፉ ላይ ያለው ቮልቴጅ 28 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ትራንስፎርመሩን 200 ኬቪኤ አድርጉት፦ 26 ወይም 27 በመቶ። ያ ሁሉ ወጪ ለዚህ ነው! ያንኑ 100 ኬቪኤ አምጥታችሁ ከወፍጮው 100 ሜትር ላይ ብትተክሉት ግን የቮልቴጁ መውረድ ወደ 12 በመቶ ይቀንሳል። የ15 ኪሎቮልቱን መስመር ማስረዘም ገንዘብ እንደሚፈልግ አውቃለሁ። ቢሆንም ክርክሩ መሆን ያለበት እዚያ ላይ ነው።

«ሽቦውን አወፍረዋለሁ» የሚልም አለ። ምሳሌዬ እዚህ ጋ ይከዳኛል። ቧንቧ ሲሰፋ ውሃው በደንብ ይለቀቃል። 95 ካሬ ሽቦ ግን 28ቱን ወደ 23 ቢያወርደው ነው። የሽቦው ሪአክታንስ (በሽቦው ዙሪያ የሚፈጠረው መግነጢሳዊ መስክ ከረንቱን የሚገታበት መጠን) በውፍረት ብዙም አይለወጥም፣ የማስነሻው ከረንት ደግሞ በዋናነት የሚጣላው ከሪአክታንስ ጋር ነው።

ሌላው የሚያናድደኝ «ባዶውን አስነሱት፣ ከረንቱ ይቀንሳል» የሚለው ነው። አይቀንስም። እህል ኖረም አልኖረ ሞተሩ ቆሞ እስካለ ድረስ የሚስበው ያው ነው። የሚያጥረው የሚቆይበት ጊዜ ነው። ባዶ ማስነሳት ጥሩ ነው፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። የሞተር ጉልበት የሚወርደው በቮልቴጁ ካሬ ነው። ቮልቴጁ 72 በመቶ ሲሆን ጉልበቱ ግማሽ ላይ ይቀራል። እህል የሞላው ወፍጮ በግማሽ ጉልበት ላይነሳ ይችላል። ያኔ ስድስት እጥፉ ሰከንዶች ሳይሆን ብሬከሩ እስኪወርድ ይቀጥላል።

ስታር ዴልታም (ሞተሩን መጀመሪያ በአነስተኛ ቮልቴጅ አስነስቶ በኋላ ወደ ሙሉው የሚያዞር ማስነሻ) መድኃኒት ነው ብላችሁ አትሩጡ። ከመስመር የሚስበውን ከረንት ወደ ሲሶ ያወርዳል፣ ጉልበቱንም እንዲሁ። ለፓምፕ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ለተጫነ ወፍጮ አይበቃም፣ ወደ ዴልታ ሲዞርም ሁለተኛ የከረንት ድንጋጤ አለው። ሶፍት ስታርተርም ቮልቴጅ ቀንሶ ስለሚያስነሳ ጉልበቱን ይቀንሳል። ከዚህ የሚያመልጠው ኢንቨርተር (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያው) ነው፣ ፍሪኩዌንሲውንም አብሮ ስለሚቀንስ።

ያልጠየቃችሁኝን አንድ ነገር ልጨምር። እስካሁን ያወራሁት ስለ ትራንስፎርመር ነው። ጄኔሬተር ላይ ይህን ሂሳብ እንዳትጠቀሙ። የ100 ኬቪኤ ጄኔሬተር ውስጣዊ ኢምፒዳንሱ (ከረንቱን የሚገታው ጠቅላላ መቋቋም) ከእኩያው ትራንስፎርመር ብዙ እጥፍ ይበልጣል። እዚያ «ትልቅ ግዛ» የሚለው ምክር በእርግጥ ይሠራል።

ከመከራከር በፊት ግን ለኩ። ሞተሩ ሲነሳ እዚያው ተርሚናሉ ላይ፣ ዝቅተኛውን ቮልቴጅ ይዞ በሚያስቀር መለኪያ። ተራው መልቲሜትር ቁጥሩን እስኪያሳይ ሞተሩ ተነስቶ ያልቃል።