የራካይ የጤና ሳይንስ ፕሮግራም

የራካይ የጤና ሳይንስ ፕሮግራም በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ፣ ካሊሲዞ ከተማ የሚገኝ የምርምር ተቋም ነው። በ1988 «የራካይ ፕሮጀክት» በሚል ስም ሥራ ሲጀምር ከማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ኔልሰን ሴዋንካምቦና ዴቪድ ሰርዋዳ፣ ከአሜሪካ ደግሞ ማሪያ ዋወር ነበሩበት። በኋላ ትልልቆቹን ሙከራዎች ከመሩት አንዱ የጆንስ ሆፕኪንሱ ሮናልድ ግሬይ ነው። በየጤና ጣቢያው ስለ ኤችአይቪ መተላለፊያ መንገዶች ከሚነገረው ብዙው በቁጥር የተለካው እዚህ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

አካባቢው

የራካይ አውራጃ በ2017 ምሥራቃዊ ክፍሏ ኪዮቴራ ተብሎ እስኪለይ ድረስ በምሥራቅ ከቪክቶሪያ ሐይቅ፣ በደቡብ ከታንዛኒያ ትዋሰን ነበር። በ1978 እና 79 የሁለቱ አገሮች ጦርነት አልፎባታል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሐይቁ ዳር ባለችው ካሴንሴሮ ሰውን አክስቶና በተቅማጥ አድክሞ የሚገድል በሽታ ታየ። ነዋሪው ከእንግሊዝኛው ተውሶ «ስሊም» አለው፤ ቀጭን እንደ ማለት ነው። በ1985 ሰርዋዳና ባልደረቦቹ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ባሳተሙት ጽሑፍ «ስሊም» ኤድስን ከሚያመጣው ቫይረስ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳዩ።

በ1992 የታተመው ቀደምት ዳሰሳ በሽታው በአውራጃው ውስጥ እኩል እንዳልተሠራጨ ገለጠ። በአውራ ጎዳና ዳር ባሉ የንግድ መንደሮች ከሴቶች 47 በመቶ፣ ከወንዶች 26 በመቶ ቫይረሱ በደማቸው ተገኘ። ከመንገዱ ገባ ባሉት የገበሬ መንደሮች ግን የሴቶቹ 9፣ የወንዶቹ 8 በመቶ ነበር። መሐል ላይ ያሉት ትንንሽ የገበያ ቦታዎች በሁለቱ መካከል ይወድቃሉ።

ዙሩ እንዴት ይካሄዳል

የተቋሙ የጀርባ አጥንት በ1994 የተጀመረው የራካይ የማኅበረሰብ ክትትል ጥናት ነው። በአንድ ዙር መጀመሪያ ቆጣሪዎች ቤት ለቤት ሄደው የቤተሰቡን አባላት ይመዘግባሉ፦ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ገባ፣ ማን ወጣ። ቀጥሎ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑት ይጠራሉ። ፈቃዳቸው በጽሑፍ ከተወሰደ በኋላ ተመሳሳይ ጾታ ያለው ጠያቂ ለብቻቸው ያነጋግራቸዋል፤ ከዚያ ደም ይሰጣሉ። ውጤቱን ማወቅ ለሚፈልግ በአማካሪ በኩል በነፃ ይነገረዋል። በቀድሞዎቹ ዙሮች ናሙናው ኤላይዛ በተባለ የደም ምርመራ ሁለት ጊዜ ይመረመርና ሁለቱ ካልተስማሙ ዌስተርን ብሎት የተባለው የማረጋገጫ ምርመራ ይፈርድ ነበር። ከ12 እስከ 18 ወራት ገደማ ካለፈ በኋላ ሥራው እንደገና ከመጀመሪያው ቤት ይነሣል። ጥናቱ በሩ ክፍት ነው፤ 15 ዓመት የሞላውም፣ አዲስ የመጣውም በሚቀጥለው ዙር ይገባል።

የሚለካው በዋናነት አዲስ የመያዝ መጠን ነው። 200 ነፃ ሰዎች አንድ ዓመት ተከታትለናቸው ሁለቱ ቢያዙ፣ ልኩ ለ100 ሰው-ዓመት 1 ይሆናል። የተያዙበት ቀን ስለማይታወቅ ብዙውን ጊዜ ከመጨረሻው ነፃ ውጤትና ከመጀመሪያው አወንታዊ ውጤት መካከል ያለው እኩሌታ ይወሰዳል፤ ዙሩ በዘገየ ቁጥር ግምቱ ይደበዝዛል። ሌላው ችግር የሚቀሩት ሰዎች ናቸው። ለሥራ የሚንቀሳቀስ ወጣት በቆጠራው ቀን ቤቱ አይገኝም፤ ለበሽታው ይበልጥ የተጋለጠውም ብዙ ጊዜ እርሱ ነው። ስለዚህ በእጅ ያለው ልክ ከእውነተኛው ያነሰ ሊሆን ይችላል። ሰው ስለ ወሲብ ሲጠየቅ ደስ የሚያሰኘውን መልስ መስጠቱም የታወቀ ነው፤ ኮንዶም ተጠቅሜያለሁ የሚለው ቃል ከጨብጥና ከሌሎች የአባላዘር በሽታዎች ምርመራ ጋር የሚመሳከረው ለዚህ ነው።

ሟች መቁጠሩ አንድ ጊዜ ትልቅ ክርክር አስነሥቷል። በ2005 ቦስተን በተደረገ የሳይንስ ጉባኤ የራካይ ተመራማሪዎች የኤችአይቪ ሥርጭት የቀነሰበት አንዱ ምክንያት ሕሙማኑ በመሞታቸው እንደሆነ፣ ኮንዶም መጠቀም ሲጨምር መታቀብና አንድ ለአንድ መወሰን ግን እንዳልጨመሩ አቀረቡ። ኡጋንዳ በመታቀብ ትምህርቷ በዓለም በምትወደስበት ወቅት ይህ ብዙዎችን አስቆጣ። ግኝቱ የራካይ እንጂ የመላው ኡጋንዳ ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ሆኖም ሞትን ሳይቆጥሩ ስለ ቅናሽ መናገር እንደማይቻል ከዚያ ወዲህ የተከራከረ የለም ማለት ይቻላል።

የአባላዘር በሽታ ሕክምና ሙከራ

በ1995 ከሐይቁ ማዶ ታንዛኒያ፣ ምዋንዛ፣ በጤና ጣቢያ የአባላዘር በሽታ ሕክምናን ማሻሻል አዲስ የኤችአይቪ መያዝን 40 በመቶ ያህል እንደቀነሰ ተዘገበ። ራካይ ሌላ መንገድ ሞከረ፦ ምልክት ያለውንም የሌለውንም በየቤቱ ማከም። 56 መንደሮች በ10 ክላስተር (የመንደር ቡድን) ተከፍለው አምስቱ በየ10 ወሩ አንድ ግራም አዚትሮማይሲን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ሜትሮኒዳዞል ተሰጣቸው፤ ቂጥኝ የተገኘበት ፔኒሲሊን ይወጋል። ሌሎቹ አምስት ቫይታሚንና የትላትል መድኃኒት ወሰዱ። ቂጥኝና ትሪኮሞናስ ቀነሱ። አዲስ የኤችአይቪ መያዝ ግን በሁለቱም ወገን ለ100 ሰው-ዓመት 1.5 ሆኖ ቀረ። ውጤቱ በ1999 ታተመ።

ሁለቱ ሙከራዎች ለምን ተለያዩ? በራካይ ወረርሽኙ ቀድሞ የሰፋ ነበር፤ የብልት ቁስል ያለበት ብዙ ሰው ቁስሉ ከሄርፒስ ቫይረስ የመጣ በመሆኑ በእነዚህ መድኃኒቶች አይድንም። በ10 ወር አንዴ የሚሰጥ መድኃኒት ሳይዘገይ እንደገና የሚያዘውን አይደርስበትም፤ በምዋንዛ ግን የታመመ በማንኛውም ቀን ይታከማል። ከሦስቱ የትኛው እንደሚያመዝን አሁንም አንድ ቃል የለም። ባዶ ውጤቱን ሳያለሳልሱ ማውጣታቸው ግን ለተቋሙ ስም ትልቅ ክብር ነው።

ጥንዶቹ

ከዚያው ሙከራ መዝገብ ውስጥ አንዱ የተያዘ ሌላው ነፃ የሆነ 415 ጥንዶች ተገኙ። በ30 ወራት ክትትል 90 ነፃ የነበሩ ተያዙ። ቶማስ ኩዊንና ባልደረቦቹ በ2000 ያሳተሙት ጽሑፍ የቫይረሱ መጠን አሥር እጥፍ በጨመረ ቁጥር የመተላለፍ ዕድሉ ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ እንደሚያድግ አሳየ። የቫይረስ መጠናቸው በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ1500 በታች ከነበሩት 51 ሰዎች ወደ አጋራቸው ያስተላለፈ አልተገኘም። «ቫይረሱ ካልታየ አይተላለፍም» የሚለው የዛሬ ትምህርት ከሩቅ ሥሮቹ አንዱ ይህ ነው።

ጽሑፉ በወጣበት እትም ላይ ማርሻ አንጀል የተባለችው የመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ ጥናቱን ተቸች፦ ሕሙማኑ ሳይታከሙ፣ ነፃ የሆኑት አጋሮችም የትዳር ጓደኛቸው ውጤት ሳይነገራቸው ለምን ይታያሉ? የራካይ ወገን መልስ፣ ፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት ያኔ ለገጠር ኡጋንዳ የማይደረስበት መሆኑ፣ የአገሪቱ መመሪያ የአንዱን ውጤት ለሌላው ያለ ፈቃዱ መንገር መከልከሉና ሁሉም ነፃ ምክርና ኮንዶም ማግኘታቸው ነው። ሁለቱም ወገን የያዘው እውነት አለው። ከ2004 ጀምሮ ተቋሙ ራሱ ፀረ-ኤችአይቪ ሕክምና መስጠት ጀመረ።

በ2005 በወጣ ሌላ ሥራ ከ235 ጥንዶች መረጃ እንደታየው፣ አንድ ሰው በተያዘ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወር ተኩል በአንድ ግንኙነት የማስተላለፍ ዕድሉ 0.0082 ነው፤ በኋለኛው ረጅም ጊዜ 0.0007። አሥራ ሁለት እጥፍ ገደማ ነው፤ በዚያ ጊዜ ሰውየው ራሱ እንደተያዘ ብዙውን ጊዜ አያውቅም።

ግርዛት

የኩዊን ሠንጠረዥ ሌላ ነገርም ይዞ ነበር። ነፃ ከሆኑት ወንድ አጋሮች ያልተገረዙት 137 ሲሆኑ 40 ተያዙ፤ ከተገረዙት 50 ግን አንድም አልተያዘም። ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ በራካይ የሚገረዙት በብዛት ሙስሊሞች ስለሆኑ ልዩነቱ ከአኗኗር ሊመጣ ይችላል። ጥርጣሬውን የሚፈታው ዕጣ ብቻ ነው።

ለሙከራው 4996 ያልተገረዙ ነፃ ወንዶች ተመዘገቡ፤ 2474ቱ ወዲያው፣ 2522ቱ ከ24 ወራት በኋላ እንዲገረዙ ዕጣ ወጣ። ቀዶ ሕክምናው በአካባቢ ማደንዘዣ ነው፤ ሸለፈቱ በሁለት ዙሪያ ቁርጦች ተለይቶ እንደ እጅጌ ይገፈፋል፣ መድማቱ በሙቀት ይቆማል፣ ከዚያ ይሰፋል። ቁስሉ በ24 እስከ 48 ሰዓት፣ በአንድ ሳምንት ገደማ እና ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይታያል፤ እስኪድን ግንኙነት ክልክል ነው። ደም ምርመራ በ6፣ 12 እና 24 ወራት ይደረጋል። መካከለኛ ወይም ከባድ ችግር የደረሰባቸው 3.6 በመቶ ሲሆኑ ሁሉም ታክመው ድነዋል።

በታኅሣሥ 2006 ሙከራው ቀድሞ ተቋረጠ፤ ምክንያቱ ውጤቱ ግልጽ መሆኑ ነበር። ከተገረዙት 22፣ ካልተገረዙት 45 ሰዎች ተያዙ፤ ልዩነቱ 51 በመቶ ነው። በኬንያ ኪሱሙ 2784 ወንዶች የተሳተፉበት ሙከራ 53፣ በደቡብ አፍሪካ ኦሬንጅ ፋርም ቀደም ብሎ የተደረገው 60 በመቶ አስገኝተው ነበር። ሦስቱ ስለተስማሙ የዓለም ጤና ድርጅት በመጋቢት 2007 ግርዛትን እንደ ተጨማሪ መከላከያ አጸደቀ። ወንድ በባህልና በሃይማኖት በሚገረዝባት ኢትዮጵያ ዘመቻው የሚመለከተው በዋናነት ጋምቤላን ነው፤ እንደ ኑዌር ያሉ በባህላቸው የማይገረዙ ሕዝቦች የሚኖሩት እዚያ በመሆኑ።

ለሴቶች ያለው ጥቅም ግን ጎራ የሚለይ ጉዳይ ነው። ተቋሙ 922 ቫይረሱ ያለባቸውን ወንዶች በዕጣ ለሁለት ከፍሎ አንደኛውን ወገን ወዲያው ገረዘና የሁለቱንም አጋሮች ተከታተለ። ከተገረዙት ወንዶች አጋሮች 18 በመቶ፣ ካልተገረዙት አጋሮች 12 በመቶ ተያዙ፤ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ትርጉም ያለው ስላልነበር ሙከራው ጥቅም አያሳይም ተብሎ ቆመ። ቁስሉ ሳይድን ግንኙነት የጀመሩት አጋሮች ላይ ግን 27.8 በመቶ፣ ከጠበቁት 9.5 በመቶ መሆኑ «ስድስት ሳምንት ታገሡ» የሚለውን ምክር ከባድ ሚዛን ሰጠው። ነፃ ወንዶችን የገረዘው ሙከራ በበኩሉ ሄርፒስን በ28፣ የማኅፀን ጫፍ ካንሰር የሚያመጣውን የፓፒሎማ ቫይረስ በ35 በመቶ ቀንሷል፤ ቂጥኝን ግን አልቀነሰም።

በ2017 የታተመው ሥራ ሁሉንም ያያይዛል። በ30 መንደሮች ከ1999 እስከ 2016 የተገረዙት ከ15 ወደ 59 በመቶ፣ አደጉ፤ በ2004 የተጀመረው ሕክምና በ2016 69 በመቶውን ሕሙማን ደረሰ፤ አዲስ የመያዝ መጠን ለ100 ሰው-ዓመት ከ2006 በፊት ከነበረው 1.17 ወደ 0.66 ወረደ።

የዓሣ አጥማጆች መንደሮች

በሐይቁ ዳር ያሉት ማረፊያዎች ከ2011 ወዲህ በጥናቱ ገብተዋል። በ2016 የወጣው ካርታ በገበሬ መንደር ሥርጭቱ አማካይ 14፣ በንግድ መንደር 17፣ በዓሣ አጥማጆች ዘንድ 42 በመቶ መሆኑን ያሳያል። ዓሣውን ተከትሎ ከማረፊያ ማረፊያ የሚሄደውን ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ሆኖም ምርመራ፣ ሕክምናና ግርዛት አብረው ሲቀርቡ ከ2011 እስከ 2017 አዲስ የመያዝ መጠኑ ከ3.43 ወደ 1.59 ወርዷል።

ሐይቁ ለአገር ውስጥ ቫይረሱን «ይልካል» የሚለው ግምት በቫይረሱ ዘረመል ሲፈተሽ ተገልብጦ ተገኘ፤ ከውስጥ ወደ ሐይቁ የሚፈሰው ከሐይቁ ከሚወጣው ይበልጣል። እንዲህ ያለው ትንተና ሕዝብ ለሕዝብ የሚደረገውን ፍሰት ይናገራል እንጂ ማን ለማን እንዳስተላለፈ ስም አይጠራም። በመካከል ያልተመረመረ ሦስተኛ ሰው ሊኖር ስለሚችል የሁለት ቫይረሶች መመሳሰል በራሱ የማንንም ጥፋት አያረጋግጥም።