ቫይረስን የሚቋቋም በርበሬ መድኃኒት አያመነጭም

«ቫይረስን ይቋቋማል» የሚባል የበርበሬ ዝርያ ሲነሳ፣ ብዙዎቻችን ተክሉ ቫይረሱን የሚገድል ነገር ያመነጫል እንላለን። ንቁ መከላከያ ያላቸው ተክሎች በእርግጥ አሉ። ደጋግሞ የሚያደናግረው ግን ሌላው መንገድ ነው።

ቫይረስ የራሱ የፕሮቲን መሥሪያ የለውም። በርበሬንም የሚያጠቃው የድንች ዋይ ቫይረስ ይዞ የሚገባው በዋናነት መመሪያ ነው፤ ሠሪው የተክሉ ሕዋስ ነው። በሕዋሱ ውስጥ ኢአይኤፍ4ኢ የሚባል ፕሮቲን፣ ምን ፕሮቲን እንደሚሠራ የሚናገረውን የሕዋሱን መልእክት ጫፍ ይዞ ወደ መሥሪያው ያደርሳል። ቫይረሱም በመመሪያው ጫፍ ላይ በተጣበቀ የራሱ ፕሮቲን ይህንኑ አድራሽ ይጨብጣል።

ክሽክሽ የምትባለው ትንሽ ነፍሳት ቅጠሉን ወግታ ቫይረሱን አስገባች እንበል። በአንዳንድ በርበሬዎች የአድራሹ ጥቂት አሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን የሚገነባባቸው ክፍሎች) ተለውጠዋል። ቫይረሱ ገብቷል፣ የሚጨብጠው ግን የለም። አይባዛም፤ ቅጠሉም ሳይዥጎረጎር አረንጓዴ ሆኖ ይቀጥላል። ተክሉ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ሌላ ፕሮቲን ስላለው አይጎዳም። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

ስለዚህም የተለወጠው ዘረመል ከሁለቱም ወላጆች መወረስ አለበት። ከአንዱ ብቻ ከመጣ፣ ያልተለወጠው ቅጂ ለቫይረሱ ይበቃዋል።

የቫይረሱ ጥገኝነት እርግጥ ነው፤ የሚፈልገው ፕሮቲን ግን እንደየቫይረሱ ይለያያል። የበርበሬን የቅጠል ጅማት የሚያዥጎረጉረው ቫይረስ በኢአይኤፍ4ኢም ተመሳሳይ ሥራ በሚሠራው በሌላው አድራሽም መጠቀም ስለሚችል፣ እሱን ለማገድ ሁለቱም መለወጥ አለባቸው። ቫይረሱም ራሱን ለውጦ አዲሱን አድራሽ መጨበጥ የሚችልበት ጊዜ አለ።