ኤስሬክ ምንድን ነው? ከመብራቱ ተለይቶ የሚሸጠው ወረቀት

ኢስተርን አቬኑ የዋሽንግተን ዲሲና የሜሪላንድ ድንበር ነው። ሰሜን ጫፉ ላይ መንገዱን ሲሻገሩ ሲልቨር ስፕሪንግ ገቡ ማለት ነው። ከዚህና ከዚያ ወገን ያሉ ሁለት ቤቶች ጣሪያቸው ላይ እኩል ባለ 5 ኪሎዋት ሶላር ቢያስተክሉ፣ የምትመታቸው ያቺው ፀሐይ ናት፤ የሚያመነጩትም ያው ነው። በ2025 ሂሳብ ግን ዲሲ ያለው በዓመት 2,400 ዶላር ገደማ ሲያገኝ የማዶው ጎረቤቱ ከ300 እስከ 450 ቢያገኝ ነው። ይህን ያመጣው ኤስሬክ (SREC) የሚሉት፣ ኤሌክትሪኩ ከፀሐይ ለመገኘቱ የሚሰጥ የምስክር ወረቀት ነው።

ወረቀት ይባል እንጂ በእጅ አይያዝም፤ ጋትስ በተባለ የኮምፒውተር መዝገብ ላይ ያለ፣ የራሱ መለያ ቁጥር የተሰጠው ምስክር ነው። ፓኔሎቹ 1,000 ኪሎዋት ሰዓት ባመነጩ ቁጥር አንድ ይመዘገባል። እዚህ አካባቢ ባለ 5 ኪሎዋት ሶላር በዓመት ወደ 6,000 ስለሚያመነጭ ስድስት ኤስሬክ ይወጣዋል። ኤሌክትሪኩን ራስዎ ለፍሪጅና ለምጣድ ጨርሰውት ሊሆን ይችላል፤ የተረፈው ወደ መስመሩ ተመልሶ ቢልዎን ይቀንሳል። ያ ሌላ ሂሳብ ነው። በኤስሬክ የሚሸጠው «ይህን ያህል ከፀሐይ ተገኘ» የሚለው ቃል ብቻ ነው።

ባዶ ቃል ማን ይገዛል? ሕግ ያስገደደው ይገዛል። ለዲሲ ነዋሪ ኤሌክትሪክ የሚሸጡ ድርጅቶች ከሽያጫቸው የተወሰነው እጅ ከፀሐይ መሆኑን በኤስሬክ ማሳየት አለባቸው፤ ድርሻውም በየዓመቱ ይጨምራል። ለጎደላቸው ለእያንዳንዱ ቅጣት ይከፍላሉ። ቅጣቱ እስከ 2023 ድረስ 500 ዶላር ነበር፣ በ2024 480 ሆነ፣ በ2025 460፤ ቁልቁል እየሄደ ነው። ድርጅቱ ለምሳሌ 460 ከመቀጣት 400 ከፍሎ ከእርስዎ መግዛት ይሻለዋል። ዋጋው ከቅጣቱ የማያልፈውም ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ዲሲ በ2011 ባወጣችው ሕግ ከከተማው ውጭ ለሚተከል አዲስ ሶላር ኤስሬክ በሯን ዘጋች። ከተማዋ ጠባብ፣ ጣሪያው ውስን፤ ስለዚህ ይወደዳል። በሜሪላንድ የ2025 ቅጣት 55 ዶላር ብቻ ነበር። ከሐምሌ 2024 ወዲህ ለተተከሉ አነስተኛ የመኖሪያ ቤት ሶላሮች አንዱን እንደ አንድ ተኩል ይቆጥራሉ፤ ትንሽ ይደጉማል እንጂ ዲሲን አያስከነዳም።

ለመሸጥ ሶላሩ መጀመሪያ በከተማው የአገልግሎት ኮሚሽን መጽደቅ፣ ከዚያ ጋትስ ላይ መመዝገብ አለበት። ስድስት ኤስሬክ ይዞ ትልቅ ድርጅት በር የሚያንኳኳ ስለሌለ፣ የብዙ ሰው ሰብስበው የሚሸጡ ደላሎች አሉ፤ ድርሻቸውን ያነሳሉ። አንዳንዶቹ የብዙ ዓመቱን ባንዴ እንክፈልዎ ይላሉ። ቡናን በአበባው እንደመሸጥ ነው፦ ገንዘቡ ዛሬ ኪስዎ ይገባል፣ ዋጋው ቢወድቅም ጉዳቱ የገዢው ነው፤ ግን ረከስ አድርገው ነው የሚሸጡት። ቅጣቱ በየዓመቱ እየወረደ ስለሆነ እኔ የሚቀበሉትን አልፈርድባቸውም።

ዋናው ጥያቄ ኤስሬኩ የማን ነው የሚለው ነው። ሶላሩን በራስዎ ገንዘብ ወይም በብድር ከገዙት የእርስዎ ነው። በኪራይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የኩባንያው ነው። ፌዴራል መንግሥት ለገዢው በታክስ የሚመልሰው 30 በመቶ በ2025 መጨረሻ ስለቆመ፣ በር ለበር የሚዞሩት ሻጮች አሁን ኪራዩን ነው የሚገፉት። እኔም ቤት አንዱ መጥቶ ነበር። «ምንም አይከፍሉም፣ ጣሪያዎን ብቻ» እያለ ግማሽ ሰዓት አወራኝ። «ኤስሬኩስ?» ስለው ታብሌቱን ወደ ታች ወደ ታች ገፋና፣ ጥቃቅን ጽሑፍ ላይ ሲደርስ «እሱ እንኳ ለኩባንያው ነው» አለኝ።