«ብርድ ነው የወጋህ»፦ ስለ ሳንባ ሽፋን መቆጣት የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጠዋት ከለገጣፎ ወደ መገናኛ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ለመክፈት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ወዲያው ከኋላ አንዲት እናት «ኧረ ልጄ ዝጋው፣ ውጋት ልታስይዘን ነው!» ይላሉ። እኔም እዘጋለሁ። ከእናት ጋር ምን ክርክር አለ? ስለ ውጋቱ ግን እናውራ። ትንፋሽ ሲስቡ፣ ሲያስሉ ወይም ሲያስነጥሱ ጎንን ሰንጥቆ የሚይዝ ውጋት አንዱ መነሻው የሳንባ ሽፋን መቆጣት ነው። ሐኪሞች ፕሉሪሲ ይሉታል።

«ብርድ መታኝ»

ብርድ ሽፋኑን አያስቆጣውም። የሚያስቆጡት ቫይረስ፣ የሳንባ ምች፣ ቲቢ፣ ከእግር ተነስቶ ሳንባ ውስጥ የሚሰነቀር የረጋ ደም፣ እንደ ሉፐስ ያሉ የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነትን የሚያጠቃባቸው በሽታዎች፣ ካንሰር፣ አንዳንዴም የጎድን አጥንት ጉዳት ናቸው። ስለዚህ «ፕሉሪሲ ነው» ተብሎ ብቻ አይቆምም፤ ምን አመጣው የሚለው መመለስ አለበት። በነገራችን ላይ ቲቢ በአየር የሚተላለፍ ነውና፣ ሰው በታጨቀበት ሚኒባስ የሚሻለው መስኮቱ መከፈቱ ነበር።

«ሳንባዬን አመመኝ»

ሳንባ ራሱ ሕመም የሚሰማው ነርቭ የለውም። ሽፋኑ ግን ሁለት ድርብ ነው፤ ሕመም የሚሰማው ከደረት ግድግዳ ጋር የተያያዘው የውጪኛው ነው። በመሃላቸው በማንኪያ የሚለካ ትንሽ ፈሳሽ አለ፣ እንዲንሸራተቱ። ሲቆጡ ይፋተጋሉ። ሐኪሙ በማዳመጫው አዲስ ቆዳ ጫማ ሲራመዱበት የሚያሰማውን ዓይነት ድምፅ ሊሰማ ይችላል። ሕመሙ ትከሻ ላይ የሚወጣበት ጊዜም አለ። ያኔ ሰው ትከሻውን ሲያሳሽ ይከርማል።

«ውጋቱ ለቀቀኝ፣ ድኛለሁ»

በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ጎረቤቴ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ብሎኬት ሲሸከም ይውላል። ጎኑን ሲወጋው «ሸክሙ ነው» አለ። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊንና ማስታገሻ ገዛ። በሁለት ሳምንት ውጋቱ ጠፋ። ከዚያ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ሲወጣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ማለት ጀመረ። ለካ በሁለቱ ሽፋኖች መሃል ውሃ ተጠራቅሞ ነበር። ውሃው ሲለያያቸው መፋተጉ ይቀራል፣ ሕመሙም ይቀንሳል፤ ሳንባው ግን እየተጫነ ትንፋሽ ያጥራል።

«ራጁ ንጹሕ ነው፣ ምንም የለብህም»

ውሃ ያልያዘ መቆጣት ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። ውሃ ቢኖርም ከፊት በተነሳ ራጅ በግልጽ ለመታየት ወደ 200 ሚሊ ሊትር መድረስ አለበት። አልትራሳውንድ ከዚያ ያነሰውንም ያያል።

«አክታዬ ታይቷል፣ ቲቢ አይደለም»

ሽፋኑን የያዘ ቲቢ ብዙ ጊዜ አክታ ላይ አይገኝም፤ ባክቴሪያው ጥቂት ነው። በመርፌ ከተቀዳው ውሃ ላይ ጂን ኤክስፐርት (የቲቢ ባክቴሪያን ዘረመል የሚፈልግ ምርመራ) ተሠርቶም ኔጌቲቭ ሊል ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ የውሃውን ፕሮቲን፣ የሴሎቹን ዓይነትና ሌሎች ምልክቶችን ያያይዛል፤ ካስፈለገም ከሽፋኑ ናሙና ይወስዳል። ጎረቤቴ ቲቢ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው፤ የሚወሰደው ለ6 ወር ነው፣ ሳይቋረጥ።

«ውሃ የተቀዳለት ሰው አይተርፍም»

ይህን ሰፈር ውስጥ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! ሰው የሚሞተው በመቀዳቱ ሳይሆን ዘግይቶ በመምጣቱ ወይም ውሃውን ባመጣው በሽታ ነው። ታማሚው ቁጭ ብሎ ወደ ፊት ጎንበስ ይላል፣ ቦታው ይደነዝዛል፣ መርፌው ከጎድን አጥንት በላይኛው ጠርዝ ይገባል። ነርቭና ደም ሥር የሚያልፉት ከታችኛው ጠርዝ ሥር ስለሆነ ነው። በአንድ ጊዜ የሚቀዳው አብዛኛውን ጊዜ ከ1.5 ሊትር አይበልጥም። በሽፋኖቹ መሃል አየር የመግባት አደጋ አለ፤ በአልትራሳውንድ እየታየ ሲሠራ ግን ይቀንሳል።

«እስኪነጋ ልታገስ»

ቀለል ያለ ውጋት ከሆነ ጠዋት ጤና ጣቢያ መሄድ ይቻላል። ውጋቱ በድንገት ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ፣ ደም ካስሳለ ወይም አንድ እግር ካበጠ ግን የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። ያኔ ባጃጅም ይሁን የጎረቤት መኪና፣ የተገኘው ይነሳ።