የእስያ ኑድል ሶስ በደሴና በኮምቦልቻ ማጀት

ኑድል ላይ የሚፈሰው የእስያ ሶስ ከወጥ ጋር ዝምድና የለውም። ቁሌት የለውም። ሽንኩርት ማማሰል፣ በርበሬ ማቁላላት፣ ዘይቱ ተንሳፎ እስኪወጣ መጠበቅ የሚባል ጣጣ የለም። አብዛኛው ሶስ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ተበጥብጦ የሚሠራ ነው። የኑድሉ ውሃ እስኪፈላ ሶሱ ይደርሳል። ወጥ ለምዶ ያደገ እጅ ግን ድስት ላይ ጥዶ ማንተክተክ ያምረዋል። ሶሱም ያኔ ይበላሻል፤ ጨዉ ይበረታል፣ የነጭ ሽንኩርቱና የሎሚው ሽታ ይጠፋል።

ኑድል ራሱ ለደሴም ለኮምቦልቻም እንግዳ አይደለም። ብዙ ሰው በደፈናው «ኢንዶሚ» የሚለው እሽግ ከሰፈር ሱቅ ይገኛል። ኢንዶሚ የአንድ የኢንዶኔዥያ ምርት ስም ነው። ፈጣን ኑድልን ግን ለገበያ ያቀረበው ጃፓን ውስጥ ይኖር የነበረው ሞሞፉኩ አንዶ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1958 ነው። ወሎ ላይ ምግቡን ካለማመዱት መካከል ከዐረብ አገር የተመለሱ እህቶች አሉበት። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ተከራይተው የሚኖሩ ላጤዎችም ውለታውን ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2017 የተመረቀውን የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የገነባው የቻይና ኩባንያ ነው፤ ኑድልን ያመጣው እሱ ነው ማለት ግን ማጋነን ይሆናል። ፓስታማ ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ አብሮን ኖሯል። ለእስያ ሶስ ደግሞ ቀጭን ፓስታ በደንብ ይሆናል።

የሶሱ አሠራር ሚዛን ነው። ጨዋማ፣ ጎምዛዛ፣ ጣፋጭ፣ ቅባትና የሚያቃጥል ነገር አንድ ላይ ይገናኛሉ። ጨዉን የሚሸከመው ሶይ ሶስ ነው። እሱም አኩሪ አተርና ስንዴ በጨው ውሃ ለወራት ተብላልተው የሚወጣ ጥቁር ፈሳሽ ነው። ከሱፐርማርኬት ይገዛል፤ ምትክ የለውም። ጨውና የተቃጠለ ስኳር ቀላቅለው የሚሞክሩ አሉ፤ ቀለሙን እንጂ ጣዕሙን አያገኙትም። የቀረው ሁሉ ደሴ ላይ ሞልቷል። ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ቃሪያ፣ ሰሊጥ፣ ለውዝ፣ ማር፤ ሰኞ ገበያ ወጥቶ ባዶ እጁን የሚመለስ የለም። አቼቶ የሚጠቀም ሰው መጠኑን ይቀንስ። የእስያው የሩዝ አቼቶ ለስላሳ ነው፤ የኛ ሱቅ ነጩ አቼቶ ግን ኃይለኛ ስለሆነ ግማሹ ይበቃል።

ከሁሉም ለእኛ አፍ የሚቀርበው የለውዝ ሶስ ነው። ቻይና ውስጥ በሰሊጥ ልቁጥ፣ ኢንዶኔዥያ ውስጥ በለውዝ ይሠራል። ለሁለት ሰው ሦስት የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ፣ አንድ ተኩል ማንኪያ ሶይ ሶስ፣ አንድ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ አንድ ማንኪያ ማር፣ አንድ ፍሬ የተደቆሰ ነጭ ሽንኩርት ይበቃል። ቃሪያው እንደ ፍላጎት ነው። የለውዝ ቅቤ ከሌለ የተቆላ ለውዝ ገለባው ተራግፎ ዘይቱን እስኪያወጣ ሙቀጫ ውስጥ ይወቀጣል። የሻገተ ወይም የመረረ ፍሬ ከተገኘ ይጣል፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊይዝ ይችላል፣ ቆልተውት አይጠፋም።

ጀማሪን የሚያስደነግጠው ውሃ ሲገባ ነው። የመጀመሪያዋ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ስትጨመር ሶሱ ይቀጥናል ብለው ሲጠብቁ ጭራሽ ይጓጉላል፣ ማንኪያ ላይ ይጣበቃል፣ እንደ ተበላሸ ጭቃ ይሆናል። ተበላሸ ብሎ መድፋት የለም። ሌላ ማንኪያ፣ ከዚያም ሌላ ሲጨመር በአንድ ጊዜ ይላላል፤ ቀለሙ ይነጣል፣ ይለሰልሳል። ክሬም ሲመስል ይቆማል። ውሃው ኑድሉ የተቀቀለበት ቢሆን ይመረጣል፤ በውስጡ ያለው ስታርች ሶሱን ኑድሉ ላይ ያጣብቀዋል። ታሂና (የዐረቦቹ የሰሊጥ ልቁጥ) ያለው ሰው በለውዙ ምትክ ቢጠቀም ያምራል። ታሂና ብዙ ስላልተቆላ ግን ትንሽ የተቆላ ሰሊጥ ወቅጦ ቢጨምርበት ወደ ቻይናው ጣዕም ይጠጋል።

ሁለተኛው የሻንጋይ ሰዎች የሽንኩርት ዘይት ኑድል ነው። እሳት የሚፈልገው እሱ ነው፤ እሱም ቢሆን ዝግ ያለ እሳት። ለጋ ሽንኩርት ከነቅጠሉ በረዥሙ ተቆርጦ ግማሽ ስኒ ዘይት ውስጥ ይገባል። ቅጠሉ መጀመሪያ ይጠወልጋል፣ ከዚያ ጠርዙ ቢጫ ይላል፣ በመጨረሻም ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። ሩብ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ያኔ ሁለት ማንኪያ ሶይ ሶስና አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ይጨመርና ወዲያው ይወርዳል። ሲጨመር ስለሚፈነጥቅ ፊትን ራቅ ማድረግ ነው። የቀረው ዘይት በማግሥቱ ለሩዝም ለእንቁላልም ይሆናል። ለጋ ሽንኩርት ሲጠፋ ባሮ ሽንኩርት ይተካዋል።

የሚያቃጥል የሚወድ ደግሞ የሻንሺ ግዛት ቻይኖችን መንገድ ይከተል። የተቀቀለው ኑድል ላይ ነጭ ሽንኩርት፣ የተፈጨ በርበሬ፣ ሶይ ሶስና ጠብታ አቼቶ ይደረጋል፤ ከዚያ የጋለ ዘይት ከላይ ይፈስበታል። ጢስ ሲል ሽታው ቤቱን ያዳርሳል። እዚህ ላይ የቤት በርበሬ አይሠራም። ኮረሪማውና ሌላው ቅመሙ ሁሉን ይውጠውና ያው ወጥ ወጥ ይላል። ዛላ በርበሬ ሸክሸክ አድርጎ መጠቀም ነው። ሚጥሚጣም ቅመሙ ያው ይጫናል።

የታይላንዱ ፓድ ታይ ጉምዛዜውን የሚያገኘው ከሁመር ፍሬ ነው። ሁመር የቆላ ዛፍ ነው፤ ፍሬው ለብ ባለ ውሃ ተዘፍዝፎ ይጨመቅና ከስኳርና ከጨዋማ ሶስ ጋር ይቀላቀላል። ካልተገኘ ሎሚና ትንሽ ቡናማ ስኳር ያስኬዳል። የጃፓኑ ቴሪያኪ በዋናነት ሶይ ሶስና ስኳር ነው፤ ጃፓኖቹ ሚሪን የሚባል ማጣፈጫም ይጨምሩበታል። የኮሪያው የበርበሬ ልቁጥ ግን ይቅር፤ በበርበሬና በማር ሊመስል የሚሞክር ሁሉ አይሳካለትም።

አሁን ውሃው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውሃ እዚያ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ያለችው ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች 94 ዲግሪ ይደርሳል። ስለዚህ እሽጉ ላይ «8 ደቂቃ» የሚለው ፓስታ ደሴ ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጨምራል። እሳቱን ማብዛት አያፈጥነውም፤ ውሃው ይተናል እንጂ አይግልም። ሰዓት ከማየት አንዷን ዘለላ ነክሶ ማየት ይሻላል። ፓስታው እንደ ራመን እንዲለጠጥ ከተፈለገ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይጨመራል። ራመን ያንን ጸባዩን የሚያገኘው ከእንዲህ ዓይነት አልካሊ ጨው ነው። ውሃው ስለሚገነፍል ድስቱ ሰፋ ይበል። ሲወጣም በሙቅ ውሃ መለቅለቅ አለበት፣ አለዚያ ሳሙና ሳሙና ይላል።

ደሴ ላይ ጾመኛና ሙስሊም ጎረቤት በአንድ ግቢ ስለሚኖሩ ይህም ይታወቅ። ሶይ ሶስ፣ ለውዝ፣ ሰሊጥና ተራ ፓስታ ጾም ናቸው። የእንቁላል ኑድልና «የዶሮ ጣዕም» የሚሉ እሽጎች ግን ጀርባቸው ይነበብ። የኦይስተር ሶስ ከባሕር ቀንድ አውጣ መሰል እንስሳ፣ የዓሣ ሶስ ከዓሣ ይሠራሉ፤ የሁዳዴ ጾመኛ አይነካቸውም። ሚሪን የሚባለው የጃፓን ማጣፈጫ አልኮል አለበት። ለሙስሊም ቤት በምትኩ ስኳርና ጠብታ ሎሚ ይሆናል። አንዳንድ ሶይ ሶስ ላይ የሐላል ምልክት አለ፤ ለኢፍጣር የሚያዘጋጅ ሰው እሱን ፈልጎ ቢገዛ ይሻላል።

በጨው በኩል ሶይ ሶስ ቀልድ አያውቅም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሁለት ግራም ያህል ጨው ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚመክረው። ስለዚህ ሶሱ ውስጥ ተጨማሪ ጨው አይገባም፤ የእሽጉ ዱቄት ቅመም ደግሞ ሶሱ ካለ ጭራሽ አያስፈልግም። ደም ግፊት ያለበት ሰው ካለ ሶይ ሶሱን ቀንሶ ሎሚውን ከፍ ማድረግ ያዋጣል።

የለውዙ ሶስ ፍሪጅ ውስጥ አራት አምስት ቀን ይቆያል። ሲወጣ ስለሚጠጥር በሙቅ ውሃ ይላላል። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት የገባበት ዘይት ግን ከፍሪጅ ውጭ አይደር። አየር በማያገኝበት ዘይት ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ሊራባ ይችላል፤ ሽታውም ጣዕሙም ላይለወጥ ይችላል። መብራት ሄዶ ፍሪጁ ለረዥም ሰዓት ከጠፋ መድፋት ነው።