«ዝጋው፣ ይተዋል»፦ ስለ ትንንሽ ውሾች ጩኸት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ውሻ ማሠልጠን ሥራዬ ከሆነ ዓመታት ተቆጥረዋል። በእነዚህ ዓመታት «ዝጋው፣ ራሱ ሲደክመው ይተዋል»፣ ማለትም ውሻው ሲጮህ ችላ በለው የሚለውን ምክር ያልሰማሁበት ሳምንት ያለ አይመስለኝም። የሰማው ሰው ጥርሱን ነክሶ ወራት ይታገሣል፤ ከዚያ የባሰበትን ውሻ ይዞ እኔ ዘንድ ይመጣል። በሰፊው እመለስበታለሁ፤ መጀመሪያ አጫጭሮቹን ላንሳ።

«የትንሽ ውሻ ተፈጥሮው መጮህ ነው፤ ምንም ማድረግ አይቻልም።» ግማሹ እውነት ነው። ለምሳሌ ዮርክሻየር ቴሪየር እየተመረጠ የተራባው አይጥ እንዲያድን ነው፤ ንቁና ድምፃም ቢሆን አይገርምም። ሌላው ግማሽ ግን የባለቤቱ ሥራ ነው። ትልቅ ውሻ ሲጮህ ቤቱ ሁሉ ተነሥቶ መፍትሔ ይፈልጋል። ሁለት ኪሎ የምትመዝን ቺዋዋ ስትጮህ ይሳቃል፣ ቪዲዮ ይቀረጻል፣ ትታቀፋለች። እሷም ትማራለች።

«ከተኮላሸ ይተዋል።» አይተውም። ለማኮላሸት ሌላ በቂ ምክንያት ሊኖራችሁ ይችላል፤ ጩኸት ግን ምክንያት አይደለም።

«የሚጮህ ውሻ አይናከስም።» ይናከሳል። በፍርሃት የሚጮህ ውሻ «አትቅረቡኝ» እያለ ነው፤ ያልሰማ እጅ ሲደርስበት ጥርሱን ይጠቀማል። ትንሽ መሆኑ የሕፃን ፊት ከመጎዳት አያድንም።

«ጮክ ብላችሁ ተቆጡት።» ውሻው የሚሰማው ቃላችሁን ሳይሆን ድምፃችሁን ነው። በር ላይ ሰው አለ ብሎ ሲጮህ እናንተም ከኋላው ከጮኻችሁ አገዛችሁት እንጂ አልከለከላችሁትም።

«የሚነዝር የአንገት ቀበቶ አድርጉለት።» እባካችሁ ተዉ። ሕመሙ በመጣ ጊዜ ውሻው ፊት ለፊቱ ያየውን ነገር ነው ጥፋተኛ የሚያደርገው። ልጅ ሲያልፍ የተነዘረ ውሻ ጩኸትን ሳይሆን ልጅን መፍራት ይማራል። ዌልስ እነዚህን ቀበቶዎች በ2010 እ.ኤ.አ. ከልክላለች። የውሻን ድምፅ በቀዶ ሕክምና ማጥፋት ደግሞ በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣው የአውሮፓ የቤት እንስሳት ጥበቃ ስምምነት ከከለከላቸው ነገሮች አንዱ ነው፤ ድምፁ ቢቀንስም ያስጮኸው ፍርሃት እዚያው አለና።

አሁን ወደ «ዝጋው» ልመለስ። ይህ ምክር ብዙ ሰው የሚያሳስተው አንዳንዴ ትክክል ስለሆነ ነው።

ውሻ የሚጮኸው ብዙ ጊዜ ጩኸቱ አንድ ነገር ስለሚያስገኝለት ነው። ሰጪዎቹ እናንተ ከሆናችሁ፣ ማዕድ ላይ ስትቀመጡ ጮኾ ቁራሽ የሚያስጥላችሁ ከሆነ፣ ችላ ማለት ይሠራል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚባለው ለታማኝነቱ ቢሆንም በእኔ ሥራ ቃል በቃልም ልክ ነው፤ ጮኾ ከበላበት ቦታ ተመልሶ ይጮኻል። መካሪዎቹ ግን ሁለት ነገር ሳይናገሩ ያልፋሉ። አንደኛ፣ የለመደው ሲቀርበት ጩኸቱ ከመቀነሱ በፊት ይብሳል፤ ትናንት በአምስት ጩኸት ያገኘውን ዛሬ በሃምሳ ይሞክራል። ሁለተኛ፣ በዚያ በባሰበት ሰዓት «በቃ፣ እንካ!» ያለ ሰው ሃምሳ ጊዜ መጮህ እንደሚያዋጣ አስተማረው። አንዴ ተሰጥቶ አንዴ የሚከለከል ነገር ሁልጊዜ ከሚሰጥ ይልቅ ልማዱን ያጠነክረዋል። ስለዚህ አያትም እንግዳም ሳይቀር ቤቱ ሁሉ ካልተስማማ ባትጀምሩት ይሻላል።

በመስኮት ለሚጮህ ውሻ ግን ችላ ማለት ምንም አይፈይድም። «ግመሎቹ ይሄዳሉ፣ ውሾቹም ይጮኻሉ» እንላለን፤ ለእኛ ጩኸቱ ግመሉን አላስቆመውም ማለት ነው። ለውሻው ግን ግመሉ የሄደው እሱ ስለጮኸ ነው። መንገደኛ መጣ፣ ጮኸ፣ መንገደኛው ሄደ። ቀኑን ሙሉ እያሸነፈ ይውላል። የሚሸልመው መንገደኛው እንጂ እናንተ ስላልሆናችሁ፣ ሶፋ ላይ ዝም ብላችሁ መቀመጣችሁ ለእሱ ምንም ማለት አይደለም።

ነጭ ፖሜራኒያን ያላት አንዲት ደንበኛዬ ሁለት ወር ሙሉ እንዳልሰማች ሆና ተቀመጠች። ውሻዋ የሶፋው መደገፊያ ላይ ወጥታ መንገዱን ስትጠብቅ ትውላለች። «ዘግቻታለሁ እኮ፣ ምን አጠፋሁ?» አለችኝ እንባዋ እየተናነቃት። ምንም አላጠፋችም፤ የተሳሳተው የተሰጣት ምክር ነው። ሶፋውን ከመስኮቱ አራቅነው፤ የመስታወቱን የታችኛውን ግማሽ ብርሃን በሚያስገባ፣ ውጭውን ግን በማያሳይ ላስቲክ ሸፈንነው። ገና ሥልጠና ሳንጀምር ጩኸቱ በዚያው ሳምንት ከግማሽ በታች ወረደ።

ከዚያ ወደ በሩ መጥሪያ ሄድን። ድምፁን በስልክ ቀድተን፣ ጆሮዋን ከማቅናት በቀር ምንም በማታደርግበት መጠን ዝቅ አድርገን ከፈትነው። መጀመሪያ ድምፁ፣ ወዲያው አተር የምታህል ቁራሽ ሥጋ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አይሠራም። በቀን ሁለቴ፣ በየጊዜው አምስት ደቂቃ በቂ ነው። ከጮኸች ድምፁን ቸኩለን ጨምረነዋል ማለት ስለሆነ ዝቅ እናደርጋለን።

«ዝም» የሚለውን ቃልም አስተምሩ፤ ግን ስትናደዱ አይደለም። ጮኾ ትንፋሽ ሲወስድ በለሰለሰ ድምፅ «ዝም» በሉና ቁራሹን አፍንጫው ሥር አድርጉ። ለማሽተት አፉን ይዘጋል። ሁለት ሰከንድ ዝም ሲል ስጡት፤ ከዚያ ሦስት፣ አምስት፣ አሥር እያላችሁ አራዝሙት። ካላራዘማችሁት «ልጩህ፣ ዝም ልበል፣ ልብላ» የሚል አዲስ ልማድ ታወጣላችሁ። ሳይጮህ በተቀመጠበት ጊዜም ሸልሙት፤ ሰው ሁሉ የሚረሳው ይህንን ነው።

ብቻውን ሲቀር የሚጮኸው ደግሞ ሌላ ነው። ስልካችሁን ቤት ትታችሁ ቅረጹት። እናንተ እንደወጣችሁ በር የሚቧጭር፣ የሚንቆራጠጥ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ ከሆነ ፍርሃት ይዞታል፤ የሚፈራን እንስሳ «ዝጋው» ማለት ጭካኔ ነው። ሥልጠናው የሚጀምረው ለሰከንዶች ወጥቶ ሳይደነግጥ በመመለስ ነው፤ ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል። ለጠናበት የእንስሳት ሐኪም የሚያዘው መድኃኒትም አለ፤ መድኃኒት መስጠት አያሳፍርም።

ያረጀ ውሻ በድንገት መጮህ ከጀመረ ወደ እኔ አታምጡት። ዕድሜ ጆሮውንም አእምሮውንም ያደክማል፣ ሕመምም ያስጮኻል፤ መጀመሪያ ሐኪም ይየው። አንድ ቤተሰብ የ12 ዓመት ውሻቸው ሌሊት ሌሊት ሲጮህ «እልኸኛ ሆነ» ብለው ከአንድ ወር በላይ ዘጉት። አፉን ከፍቼ ሳይ ድዱ አብጧል። ሐኪሙ ሁለት ጥርስ ነቀለለት፤ ድዱ ሲድን ሌሊቱን መተኛት ጀመረ።