ላምብሩስኮ ምንድን ነው?

ቀይ ወይን ጠጅ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አረፋ የሌለውን፣ ከበድ ያለውን፣ ሳይቀዘቅዝ የሚጠጣውን ነው። ላምብሩስኮ ግን ሲቀዳ ሐምራዊ አረፋ ያነሣል፤ የሚጠጣውም ቀዝቀዝ ብሎ ነው። አልኮሉም ቀላል ነው፣ ብዙውን ጊዜ 11 በመቶ ገደማ። አገሩ ሰሜን ጣሊያን፣ በሞዴና፣ በሬጆ ኤሚሊያና በፓርማ ዙሪያ ያለው ሜዳና ኮረብታ ነው።

ላምብሩስኮ የመጠጡም የፍሬውም ስም ነው። ፍሬው ደግሞ ብዙ ዝርያ ያለው ቤተሰብ ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ሶርባራ ነው። ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ሮዝ፣ ጣዕሙ ደግሞ ስል ጎምዛዛ ነው። አበባው በራሱ ብናኝ ፍሬ መያዝ ስለማይችል ገበሬው ሳላሚኖ የተባለውን ሌላ ላምብሩስኮ አጠገቡ ይተክልለታል። ሳላሚኖ ስሙን ያገኘው ዘለላው የሳላሚ ቋሊማ ስለሚመስል ነው። በካስቴልቬትሮ ኮረብታዎች የሚበቅለው ግራስፓሮሳ ጠቆር ያለና አፍ የሚያደርቅ ነው።

አረፋውስ ከየት መጣ? ድሮ ብርዱ ሲገባ እርሾው ስኳሩን ሳይጨርስ ይተኛ ነበር። በጸደይ ሙቀቱ ሲመለስ ጠርሙስ ውስጥ እንደገና ይነቃል፤ የሚያወጣው ጋዝም መውጫ ስለሚያጣ ወይኑ ውስጥ ይቀራል። ጠላ ሲፈላ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ዛሬ አብዛኛው የሚፈላው በታሸገ የብረት ታንክ ነው። ጣሊያናዊው ፌዴሪኮ ማርቲኖቲ ለዚህ ዘዴ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1895 ነበር። በጠርሙስ የሚያፈሉት ግን አሁንም አሉ፤ ወይናቸው ከሥሩ አተላ ይዞ፣ ደፍረስ ብሎ ይመጣል። እኔ የምመርጠው ይህንን ነው፤ የእርሾው ሽታ ሕይወት ይሰጠዋል።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ወደ አሜሪካ በገፍ የተላከው ጣፋጩ ላምብሩስኮ ነበር። እንደ ለስላሳ መጠጥ መታየቱም ከዚያ የመጣ ነው፤ ለደረቁ፣ ማለትም ጣፋጭ ላልሆነው ዓይነት ትልቅ በደል ይመስለኛል። ስለዚህ ስትገዙ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፦ ሴኮ ካለ ጣፋጭነት የለውም፣ አማቢሌ ጣፈጥ ያለ ነው፣ ዶልቼ ደግሞ ጣፋጭ ነው።

ፈዛዛውን ሶርባራ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ፣ ጥቁሩን ግራስፓሮሳ እስከ 14 ድረስ አቀዝቅዙት። ቀጭን የሻምፓኝ ብርጭቆ አያስፈልገውም፤ ተራ የነጭ ወይን ብርጭቆ ሽታውን በደንብ ያወጣዋል። ለዓመታት የሚቀመጥ ወይን አይደለምና ትኩሱን ግዙ።

በአገሩ የሚጠጣው ከሞርታዴላ፣ ከኮተኪኖ ቋሊማና ከፓርሚጃኖ አይብ ጋር ነው። ቋሊማዎቹ የአሳማ ሥጋ ናቸው፤ ግን ቁም ነገሩ ስቡ ነው። ጎምዛዛነቱና አረፋው አፍ ላይ የቀረውን ስብ ጠርገው ለሚቀጥለው ጉርሻ ያዘጋጃሉ። በዚሁ ምክንያት በቅቤ ለተለወሰ ክትፎ ሴኮውን ደፍሬ አቀርባለሁ። ሚጥሚጣው ከበዛ ግን አማቢሌው ይሻላል፤ ትንሿ ስኳር ቃጠሎውን ታበርዳለች።

በሰሜን ጣሊያን ከተማ በማንቶቫ ደግሞ ምሳ ሲጀመር ትኩስ የሥጋ መረቅ በሳህን ይቀርብና ላምብሩስኮው እላዩ ላይ ይፈስበታል። መረቁ ወደ ሐምራዊ ይለወጣል፤ ሳህኑን በሁለት እጅ አንሥቶ መጠጣት ነው።